ወንዝ የማይሻገረው ባለጎራዴ

መቱ ገበያ ውስጥ ኮርቻና ልጓም የሚሸጥበት አንድ ጥግ አለ። በቅርቡ ለለቅሶ ሄጄ ሳለ ዝናብ ሲያባርረኝ እዚያ ተጠለልኩ። ሻጩ አንድ የደረቀ የኮርቻ ጠፍር በሞራ እያሸ ነበር። እርጥብ ቆዳ፣ ሞራና ዝገት አንድ ላይ ሲሸቱ ጤነኛ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን በርጩማ ካለህ አቀብለኝና ልቀመጥ አልኩት። ልገዛ የመጣሁ መስሎት ኮርቻ በኮርቻ ላይ አወረደልኝ። አንዱንም አልገዛሁም፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም አልተነሳሁም። ሰውየው በመጨረሻ ትዕግሥቱ አልቆ፣ “እትዬ፣ ቤትዎ ሩቅ ነው?” አለኝ። ሩቅ ነው አልኩት። ያ ሽታ የባሻ ወልዴ ቤት ሽታ ነበር።

ያን ቤት ያወቅሁት በልጅነቴ ነው፤ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቤታችን ጎሬ ሲሆን በዚያ ዓመት ለሥራ መቱ ተልኮ እናቴንና እኔን ይዞ የባሻ ወልዴን የጓሮ ቤት ተከራየ። መስከረም ሲጠባ ወደ ጎሬ እንደምንመለስ ከመጀመሪያው ተነግሮኛል። እናቴ ጎሬ ላይ ያሳደገችኝ ከአማርኛ ሌላ በማይሰማበት ግቢ ስለነበር ኦሮምኛዬ የገበያ ብቻ ነው፤ ዋጋ መጠየቅና መሳደብ እችላለሁ፣ በመካከል ያለውን አላውቅም። የመቱ ልጆች ግን ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ቋንቋ ጀምረው በሌላው ይጨርሱታል። እኔም እንደገባኝ ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ያልሰማሁትን ከራሴ እሞላ ነበር። በዚህ ዘዴ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ግማሹ ስህተት ነው እንጂ።

ባሻ ወልዴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአንድ ትልቅ ሰው ግቢ ለጎበዛዝቱ ጎራዴና ጋሻ አያያዝ ያስተምሩ ነበር ይባላል። አሁን ግን ማንም ጎራዴ አያያዝ አይማርም፣ እሳቸውም ከጥላና ከብርሃን በቀር የሚያዩት የለም። እናቴ “ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ነው” ስትለኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በየቀኑ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጎራዴያቸውንና አፎቱን በበግ ሞራ ያሻሉ፤ በዚያው እጃቸው ዓይናቸውን ያሻሉ። ሞራው የገባው በዚህ ነው ብዬ አንድ ቀን በጎድጓዳ ሳሕን ሙቅ ውሃና ሳሙና ይዤላቸው ሄድኩ። ምክንያቱን ስነግራቸው አልሳቁብኝም፤ ፊታቸውን ታጠቡና አመሰገኑኝ። የዚያን ዕለት ወደድኳቸው።

ባሻ አንድ ታሪክ በሆዳቸው ይዘው ዓመታት ኖረዋል። ሰው ያልነገራቸው፣ ራሳቸው የፈጠሩት ታሪክ ነው። ለአባቴ ሲያጫውቱት አባቴ፣ ይህማ መጻፍ አለበት፣ ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ተዘግቶባት ከምታውደለድል ትጻፍልዎ ብሎ ሰጣቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ወረቀቱንም አባቴ ከመሥሪያ ቤት የተጣለውን አመጣልን፤ በአንድ ገጹ የድንበር ክርክር ተጽፎበታል፣ በጀርባው እኛ ዘንዶ እንጽፍበታለን። ባሻ የመጀመሪያ ቀን እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ “እኔ ዓይኔ ሊዘጋ ነው፣ አንቺ በመስከረም ልትሄጂ ነው። እስከዚያ ካልጨረስን ይህ ልጅ መንገድ ላይ ይቀራል።” ልጅ ያሉት የታሪኩን ጀግና ነው። ሰው መንገድ ላይ እንዲቀር ማን ይፈልጋል? ብዕሬን ቀለም ነከርኩ።

ታሪኩ የድሮ ነው። ነገሥታቱ ከተማ ሳይቆረቁሩ ድንኳናቸውን እየነቀሉ ከአገር አገር ይዞሩ በነበረበት ዘመን አንድ ንጉሥ ጥላቸው፣ በፀሐይ መሬት ላይ የሚከተላቸው፣ ይሰረቃል። ጥላ የሌለው ንጉሥ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ሕዝቡም አይታዘዘውም። ናደው የሚባል ባለጎራዴ ጥላውን ከሌቦቹ አስጥሎ፣ እንደ ጋቢ አጣጥፎ፣ በኮርቻው ከረጢት አድርጎ ሊመልስ ይነሳል። ችግሩ የንጉሡ የድንኳን ከተማ ሌሊት ሌሊት በራሱ እየተነሳ ቦታ መለወጡ ነው። ናደው በየተራራው ይከተለዋል፤ ዘንዶም፣ ሽፍታም፣ የሚናገር አሞራም ይገጥመዋል። ንጉሡን ያውቋቸው እንደሆነ ባሻን ጠየቅኋቸው። “በሩቅ” አሉኝ ኮስተር ብለው። ስለዚህ ዕድሜያቸው አራት መቶ እንደሚሆን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወራሁ።

ባሻ በሁሉ ነገር ለጋስ ነበሩ፣ በጎራዴ ነገር ግን ንፉግ። አንድ ቀን ናደው አርባ ሽፍታ ብቻውን ይፍጅ ብዬ ለመንኳቸው። ክንድ አለው አይደለም እንዴ፣ ይዝላል አሉኝ። ሁለት ሰው ገጥሞ ከተረፈ ሦስተኛውን የሚሸሸው በፈረስ ነው። “ፈረሱ ቢበር ግድ የለኝም” አሉ፣ “ጎራዴው ግን መክበድ አለበት። ጎራዴ የማይከብድበት ታሪክ ውሸት ነው።”

እንዲከብደኝም አደረጉ። ከመጻፋችን በፊት ግቢው ውስጥ አቁመው በቀኝ እጄ የወይራ ዱላ፣ በግራዬ የሞሰብ ክዳን ያስይዙኝ ነበር። ክዳኑ ጋሻ መሆኑ ነው። እሳቸው በድምፅ ብቻ እግሬን የት እንዳደረግኩ ያውቃሉ፤ “ተረከዝሽ ተነሥቷል፣ ወድቀሻል፣ ሞተሻል” ይሉኛል። ጋሻ የሚያዝ ለመደበቅ ሳይሆን የሰውየውን ዓይን ለመጋረድ እንደሆነ፣ ቆልመም ያለው የጎራዴ ጫፍ በጋሻው ዙሪያ ዞሮ እንደሚገባ፣ የእኛ ሰው ጎራዴውን በቀኝ ወገቡ እንደሚታጠቅ ያወቅሁት እዚያ ጭቃ ላይ ነው። ናደው ግን በግራው ይታጠቃል፣ ግራኝ ነው። ግራኝ ሲመጣ ጎራዴው ጋሻ በሌለበት በኩል ይመጣብሻል፤ ያንቺም በእሱ ክፍት ጎን ይሄድበታል። ስለዚህ ከግራኝ ጋር የሚደረግ ውጊያ አጭር ነው፣ አንዱ ቶሎ ይሞታል። ባሻ ይህን ሲነግሩኝ በአየር ላይ ጣታቸው ይንቀሳቀሳል፤ ማንኛውንም ነገር ከማጻፋቸው በፊት እጃቸው ቀድሞ ይሠራዋል። የባሻ ሚስት እትዬ ዲንቂቱ በበኩላቸው የሞሰብ ክዳናቸው ተጎድቶ ሲያገኙት በሁለት ቋንቋ ይቆጡን ነበር። እኛም እኩል ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገታችንን እንደፋለን።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሳምንቱን ጽሑፍ በረንዳው ላይ አነባለሁ። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዳንዱ ለታሪኩ፣ አንዳንዱ እትዬ ዲንቂቱ ለሚያቀርቡት ቆሎ። እኔ ግን ሁሉም ለእኔ የመጡ ነበር የሚመስለኝ። ድምፄን እንደ ቄስ አወርዳለሁ፣ ጎራዴ ሲመዘዝ ቆም እላለሁ፣ ዘንዶ ሲመጣ ሕፃናቱን አፈጥባቸዋለሁ። እትዬ ዲንቂቱ ብቻ አይቀመጡም። በር ላይ ቆመው ትንሽ ይሰሙና ሥራ እንደ ጠራው ሰው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ታሪክ የማይወዱ ሴት ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ነገር ግን እኔንም ያሰለቸኝ ጀመር። ናደው ወንዝ አይሻገርም። ወንዝ በደረሰ ቁጥር ባሻ በዳርቻው ሽቅብ ያስኬዱታል፤ እስከ ምንጩ ወጥቶ ዞሮ ይወርዳል። እያንዳንዱ ወንዝ ሳምንታችንን ይበላዋል። ምክንያቱን ለራሴ አገኘሁለት፤ ጎራዴ በውሃ ይዝጋል። ባሻ እንዲያ ሞራ የሚያባክኑት ለዚህ አይደል? አፎታቸውም ተጣምሞና ደርቆ ማየቴ አሳመነኝ፤ እንዲያ ያጣመመው የጠላት ደም ነው ብዬም አሰብኩ። የእኔን ጥያቄ የምመልሰው እኔው ስለነበርኩ መልስ አጥቼ አላውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ ዲንቂቱ ጓሮ ጎደሬ ሲልጡ ልረዳቸው ተቀመጥኩ። ልጅ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ቢላቸውን አላቆሙም። አንድ ወንድ ልጅ ነበረን፣ ተሰማ ይባላል አሉኝ በአማርኛ፤ ቀጥሎ ግን ወደ ራሳቸው ቋንቋ ገብተው “ሎላቱ ፉደቴ” አሉ። ሎላ ወሰደው ማለታቸው ነው። ሎላን አውቀዋለሁ፤ የሰፈሩ ልጆች ስንደባደብ “ሎላ! ሎላ!” እያሉ ነው የሚከቡን። ጦርነት ነው። እንግዲያው የባሻ ልጅ አርበኛ ሆኖ ወድቋል ማለት ነው። ኮራሁላቸው። ሌላ አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም ሆድ ይፍጀው ብለው ጎደሬያቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ናደው የመጨረሻው ወንዝ ዳር ደረሰ። የንጉሡ ድንኳኖች ማዶ ይታያሉ፤ ከዚህ በኋላ ከተማው አይነሳም፣ እሱን ይጠብቃል። ወንዙ ግን ምንጭ የለውም፣ ከሰማይ ዳር እስከ ሰማይ ዳር ነው። ይህን ያጻፉኝ ራሳቸው ባሻ ናቸው፤ ለምን እንዲህ ዓይነት ወንዝ ፈጥረው ራሳቸውን እንዳጠመዱ ያኔ አልገባኝም። እሑድ ሳነበው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ስጨርስ ልብስ ሰፊው ጋሼ በየነ፣ ከደምቢዶሎ በቅርቡ የመጡ ተጫዋች ሰው፣ ሳቅ እያሉ፣ “ባሻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ጀግናዎ ውሃ ይፈራል እንዴ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው። አንድ ቀን ይግባበትና ይገላገል” አሉ።

የሳቅነው እኔና ጋሼ በየነ ብቻ ነን። ሌላው ሰው መሬት መሬት ያያል። ባሻ ተነሡ፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ጎረቤቱም እግዜር ይስጥልን ሳይል አንድ በአንድ ወጣ። ጋሼ በየነን አንድ አዛውንት እጃቸውን ይዘው እያንሾካሾኩላቸው ወሰዷቸው፤ ከሩቅ ሳያቸው ጋሼ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ጨብጠውታል።

ከዚያ በኋላ መጻፍ ቆመ። ጠዋት ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ ባሻ ጎራዴውን እያሹ “ዛሬ አይደለም” ይሉኛል። በማግስቱም ዛሬ አይደለም። እናቴ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች፣ አባቴ የጭነት በቅሎ ፍለጋ ይዟል። ናደው እዚያ ወንዝ ዳር በዝናብ ሲደበደብ ይታየኛል፤ እውነቱን ልናገር፣ ከእኔ በቀር የሚያስብለት ሰው ያለ አልመሰለኝም። ስለዚህ መላ አበጀሁ። ቁጭ ብዬ መላዬን እንደ ትልቅ ሰው ነገርኳቸው፦ ወንዙ ካስቸገረን ይቅር። ሽፍቶቹ ከኋላ ይድረሱበትና እንደ ልጅዎ እንደ ተሰማ በጦርነት ይሙት። ጀግና ሆኖ ያልቃል፣ እኛም እንጨርሳለን።

ባሻ ሞራ የያዘ እጃቸው ቀጥ አለ።

“ተሰማ በጦርነት ሞተ ያለሽ ማነው?”

“እትዬ ዲንቂቱ። ሎላ ወሰደው ብለውኛል።”

ተቆጥተው አላውቅም፣ ያን ቀንም አልተቆጡም። ሚስታቸውን በስማቸው ጠሩ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። እትዬ ዲንቂቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። ለልጅቷ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት አሏቸው ባሻ፤ እኔም ያልኩትን ደገምኩት።

እትዬ ዲንቂቱ አዩኝ። “ሎላ አልኩሽ እንጂ ሎላ መቼ አልኩሽ?” አሉኝ።

እሳቸውን አየሁ፣ ባሻን አየሁ። ለእኔ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። አሁን ስጽፈውም ያው ነው፤ የእኛ ፊደል ድምፅ አያስረዝምም። እሳቸው ግን እንደ አስተማሪ ጎንበስ ብለው አፋቸውን አሳዩኝ። ቆረጥ ሲል ጦርነት ነው። ሲጎተት ደግሞ ጎርፍ ነው፣ ሙላት ነው። የሚጎተተውን ሊያሰሙኝ መጨረሻውን ያዙት፤ ያዙትና ሊለቁት አልቻሉም፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ጎተቱት። ከዚያ በአማርኛ “ልጄን ውሃ ነው የወሰደው” አሉና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ባሻና እኔ ከምንጽፍበት ቦታ ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

የቀረውን ባሻ ተናገሩ። ለእኔ ይሁን ለሚስታቸው እንጃ፣ ፊታቸው ወደ ግቢው ነበር። ጣልያን ሲገባ ጎራዴውን ከወንዝ ማዶ ኖፓ ዘመድ ቤት ደብቀውት ነበር። ጠላት ሲወጣ ደግሞ ለመስቀል ታጥቀው ከሰው ፊት ሊታዩ ጓጉ። ወሩ ነሐሴ፣ የሶር ወንዝ ሙሉ። እናቱ ወንዙ እስኪጎድል ይቆይ ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ልጁን ላኩት። ሲመለስ ሶር ላይ ደረሰ።

“አጥብቀህ ታጠቅ፣ እንዳይወድቅብህ ብዬዋለሁ” አሉ። “እንዳስተማርኩት አጥብቆ ታጥቆታል። ሲያገኙት በግራ ወገቡ ላይ እንደታጠቀው ነበር። ጎትቶ ያሰመጠው ጎራዴው ነው።”

በግራ ወገቡ የሚለውን ስሰማ ናደው ማን እንደሆነ ገባኝ። አፎቱን ያጣመመው ምን እንደሆነም ገባኝ። ብዕሬን ማየት ጀመርኩ። ፈርቼ ነበር፣ አዝኜም ነበር፤ የሁለቱ መለያ ድንበር አልታወቀኝም። ባልና ሚስቱ ይህን ነገር በመካከላቸው አውጥተው እንደማያውቁ ከዝምታቸው ልጅም ቢሆን ያውቃል። ተነሥቼ ልሂድ ስል እትዬ ዲንቂቱ ቀሚሴን ያዙኝ።

“አንቺ ተቀመጪ” አሉኝ። ወደ ባላቸው ዞረው፣ “ባሻ፣ ያሻግሩት” አሏቸው።

“ማንን?”

“ልጁን ነዋ። ስንት እሑድ በር ላይ ቆሜ ስሰማ ከረምኩ። ያሻግሩት።”

ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ወንዙ ሙሉ ነው። ጎራዴው ይከብዳል። በዚህ አልዋሽም።”

“ይፍታዋ።”

“ባለጎራዴ ጎራዴውን ጥሎ ንጉሥ ፊት አይቀርብም።”

“አይቅረብ። ንጉሡ ይቅርባቸው” አሉ እትዬ ዲንቂቱ። “እኔ ንጉሥ አላልኩም። ልጁ ይሻገር ነው ያልኩት።”

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቆየ። እኔ የባሻን እጅ ነበር የማየው። ቀስ ብሎ ወደ ወገባቸው ሄደ፣ ወደ ግራው። እዚያ ምንም አልታጠቁም፣ ጣታቸው ግን ቋጠሮ እንዳገኘ ሰው ይታገል ጀመር። ብዙ ታገሉ። የእትዬ ዲንቂቱ እጅ ቀሚሴን እንደያዘ ነው።

“ጻፊ” አሉኝ ባሻ። “ናደው ቀበቶውን ሊፈታ ሞከረ። ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል፤ አጎንብሶ በጥርሱ ፈታው። ጎራዴውን ከነአፎቱ ለወንዙ ጣለለት። የንጉሡን ጥላ በራሱ ላይ ጠመጠመ፤ ጥላ አይከብድም።”

ጻፍኩ። መስመሩ ተጣሟል። ባሻ ውሃውን አላቃለሉለትም፤ ጉልበቱን ያዘው፣ ወገቡን ያዘው፣ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ከዳው፣ አንድ ጊዜ ራሱ ከውሃው ሥር ገባ። እዚህ ላይ ቆም ሲሉ እትዬ ዲንቂቱ፣ “ወጣ?” አሉ። ባሻ፣ “ወጣ” አሏቸው። “ጎኑ ባዶ ነው፣ ክንዱ ነፃ ነው። ይዋኛል። በግራው ይቀዝፋል።” ከዚያ እግሩ አሸዋ አገኘ፤ አንድ ሥር ጨበጠ፤ ማዶ ወጣ። ማዶ ወጣ የሚለውን ሁለት ጊዜ አጻፉኝ፤ አንዱን ልሰርዝ ስል ተዪው አሉኝ።

ናደው ከእያንዳንዱ ጀብዱ በኋላ አንድ ነገር ይናገራል። ዘንዶውን ሲገድል ተናግሯል፣ ሽፍታውን ሲያመልጥ ተናግሯል፤ ባሻ እነዚህን ንግግሮች ጉሮሯቸውን ጠርገው ነበር የሚያጻፉኝ፣ እኔም ድምፄን ወፈር አድርጌ የማነባቸው እነሱን ነው። ስለዚህ ከውሃው ሲወጣ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋቸው። ባሻ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ግን ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው አዞሩ፣ ባያዩአቸውም።

በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እናት አልነበረችም። ንጉሥ ነበር፣ አሞራ ነበር፣ ዘንዶ ነበር፤ ናደው ከማን እንደተወለደ ግን ጠይቀን አናውቅም።

“ምን ይላል ታዲያ” አሉ እትዬ ዲንቂቱ፣ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ድምፅ። “ያን ሁሉ መንገድ ሳይበላ መጥቶ። ‘እናቴ፣ ራበኝ’ ይላል እንጂ።”

ባሻ ያርሙታል ብዬ ጠበቅሁ። አላረሙትም። እኔም እንዳሉት ጻፍኩት፤ እትዬ ዲንቂቱ ተነሥተው እሳቱን ሊያያይዙ ገቡ።